ሰባተኛ የወጣችው ካታሪና

ስለ ካታሪና ቪት የሚጽፍ ሁሉ ሜዳሊያ መቁጠር ይቀናዋል። መቁጠሩ አይከፋም። በምሥራቅ ጀርመኗ ካርል ማርክስ ሽታት፣ በዩታ ሙለር አሠልጣኝነት ያደገችው ይህች የበረዶ ላይ ተንሸራታች በ1984 እ.ኤ.አ. በሳራዬቮ፣ በ1988 ደግሞ በካልጋሪ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች። የዓለም ሻምፒዮናንም አራት ጊዜ አሸንፋለች። ነገር ግን ሻምፒዮን በየጊዜው ይነሣል፤ የብዙዎቹ ስም ከዋንጫቸው ጋር አቧራ ይለብሳል። የእርሷ ለምን አልለበሰም?

«በቁንጅናዋ ነው» የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ አያጠግብም። በካልጋሪ እርሷም አሜሪካዊቷ ዴቢ ቶማስም የመረጡት የቢዜን «ካርመን» ነበር። እየመራች የገባችው ቶማስ ዝላዮቿን ስታ ሦስተኛ ወጣች። የዚያን ምሽት ነጻ ትርኢት በነጥብ የበለጠችው ግን ካናዳዊቷ ኤልሳቤጥ ማንሊ ነበረች፤ ቪት ወርቁን ያገኘችው በድምር ውጤት ነው። የዝላይ ንግሥት አልነበረችም። ያላት ነገር ሌላ ነው፤ ገጸ ባሕርይን ትጫወታለች። በመጨረሻ በረዶው ላይ ተዘርራ ስትሞት፣ ተመልካች ነጥብ መቁጠሩን ይተዋል።

ከዚህ ዝና ጀርባ መንግሥት ነበር። ድሏን ለሥርዓቱ ማስታወቂያ አደረገው፤ ለሌላው ዜጋ የተዘጋውን ድንበርም ከፈተላት። የዚያው መንግሥት የስለላ ድርጅት ሽታዚ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ተከታትሎ 3,000 ገጽ ያህል መዝገብ አከማችቶባታል። አቀማጥሏታልም፣ ሰልሏታልም። ታሪኳን «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ብሎ የሚያልፍ አይጠፋም። ግንቡ በ1989 ከፈረሰ በኋላ የሆነውን ያላየ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም።

በ1994 በሊልሃመር፣ በ28 ዓመቷ፣ ወደ ኦሊምፒክ ተመለሰች። ወርቁን የወሰደችው ኦክሳና ባዩል ገና 16 ዓመቷ ነበር። ቪት የመረጠችው «አበቦቹ ሁሉ የት ሄዱ?» የሚለውን የፀረ ጦርነት ዜማ ነው። መታሰቢያነቱንም ለሳራዬቮ ሰጠችው። ከተማይቱ ያን ጊዜ በከበባ ላይ ነበረች፤ ከአሥር ዓመት በፊት ወርቅ ያጠለቀችበት የዜትራ አዳራሽም በመድፍ ተደብድቦ፣ አካባቢው የሙታን መቀበሪያ ሆኖ ነበር። ሰባተኛ ወጣች።

ይህ ትርኢት አንድም መድፍ ዝም አላሰኘም። ጥበብ እንዲህ ያለ ኃይል አለው የሚል ራሱን ያታልላል። ሆኖም ከወርቆቿ ሁሉ የምናስበልጠው ይህን ሰባተኛነት ነው። በካልጋሪ የልብ ወለድ ሴት ሞትን ተጫውታ ተሸለመች፤ በሊልሃመር ግን በእውነት ለሞቱት አለቀሰች። ያለ ላኪ መንግሥት፣ እንደማታሸንፍም እያወቀች፣ በራሷ አንደበት የተናገረችው ያን ዕለት ነው። ስሟን አቧራ እንዳይለብስ የጠበቀውም፣ በእኛ አስተያየት፣ ይኸው ነው።