የአዲስ አበባ ታሪክና የቁስቋም ሸማኔ

ስለ አዲስ አበባ አመሠራረት ከተጻፉት መካከል ፒተር ጋሬትሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው፣ ከ1886 እስከ 1910 ያለውን ዘመን የሚመረምረው መጽሐፍ ከፍ ያለ ስፍራ አለው። ይሁን እንጂ የመረጠው ወሰን ጠባብ ነው። የምድር ባቡር ከተማይቱ የደረሰው በ1917 ሲሆን፣ ዋናው ገበያ ከአራዳ ወደ መርካቶ የተዛወረውም በኢጣልያ ወረራ ዘመን ነው። ስለዚህ መጽሐፉን የመዲናይቱ ንግድ ሙሉ ታሪክ አድርጎ የሚያነብ ተማሪ ይሳሳታል።

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ፣ በቁስቋምና በሽሮ ሜዳ የሚሠራው ሸማ ሌላ ምርመራ ይሻል። በዚያ መኖሪያና መሥሪያ አንድ ነው፤ ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጣው ሸማኔ በቤቱ ወለል በተቆፈረው ጉድጓድ እግሩን ሰዶ ድርና ማጉን ያዋድዳል። ጥጡን መፍተል ግን የሴቶች ሙያ ነው። ከዚህ የሚወጣው ነጠላና ጋቢ የመላው አገር ልብስ ተብሎ ሲከበር፣ ሠሪው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። (ለባሹ ይህን አለማስተዋሉ ያስገርማል።) ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያስረዳል።

የቤተ መንግሥት ጽሑፍና የመንገደኞች ማስታወሻ ብቻ ይህን ታሪክ አይገልጡትም። ሸማኔው ለመስቀል ወደ ጋሞ ይወርዳል፤ መሬቱና ዘመዱ በዚያ ናቸው። ስለሆነም ተመራማሪው የቁስቋምን ጉድጓድና የዶርዜን ማሳ በአንድነት መመርመር፣ ከአረጋውያኑም ቃል መቀበል ይኖርበታል።