ዓለምን በፊደል ማነጽ

ዘፍጥረት ምዕራፍ 1ን ስታነቡ እግዚአብሔር ተናገረ፣ የተናገረውም ሆነ የሚለውን ደጋግማችሁ ታገኛላችሁ። አብዛኞቻችን «አሜን» ብለን እናልፈዋለን። አንድ ስሙ ያልታወቀ የጥንት አይሁዳዊ ጸሐፊ ግን አላለፈውም። ቆም ብሎ እንግዳ ጥያቄ ጠየቀ፦ ዓለም በንግግር ከተፈጠረች፣ ንግግርም በፊደል ከተሠራ፣ ዓለም የታነጸችው በፊደል ነው ማለት አይደለምን? ከዚህ ጥያቄ የተወለደው መጽሐፍ «ሴፈር የጺራ» ይባላል።

ሴፈር መጽሐፍ ማለት ነው። «የጺራ» የሚለው ቃል ደግሞ በዘፍጥረት 2፥7 እግዚአብሔር ሰውን ከአፈር ካበጀበት ግስ ጋር አንድ ሥር አለው። ኤርምያስ ወደ ቤቱ የወረደለት ሸክላ ሠሪም በዕብራይስጥ የሚጠራው ከዚሁ ሥር በወጣ ስም ነው። ስለዚህ «መጽሐፈ ፍጥረት» ከማለት «የማበጀት መጽሐፍ» ብንለው ይቀርበዋል። ባህሉ ለአብርሃም ይሰጠዋል፤ ሊቃውንት ግን ከ2ኛው እስከ 9ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ መቼ እንደ ተጻፈ ገና ይከራከራሉ። ረጅሙ ቅጂ እንኳ ሦስት ሺህ ቃል አይሞላም። በአንድ መቀመጫ ያልቃል፤ በላዩ የተጻፈው ሐተታ ግን መደርደሪያ ይሞላል።

እናንተ ምናልባት መጽሐፉን ሳታውቁት ጥላውን አይታችሁታል። ዐሥር ክቦች በመስመር የተያያዙበት «የሕይወት ዛፍ» የሚባል ሥዕል በስልካችሁ ደርሷችሁ ይሆናል። ከወጣቶቻችን አንዳንዱ እንዲህ ያለውን ሲያይ «ጥንቆላ ነው» ብሎ ይሸሻል፤ ሌላው «የተደበቀ ምስጢር አለው» ብሎ ይከተለዋል። ሁለቱም ጽሑፉን አላነበቡትም። ሥዕሉም በጽሑፉ ውስጥ የለም።

በውስጡ ያለው ይህ ነው። እግዚአብሔር ዓለምን በ32 መንገዶች አበጀ፤ እነዚህም 10 ሰፊሮትና 22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ናቸው። ሰፊሮት የመቁጠር ቃል ነው፤ እኛ እህል ሰፈረ የምንለውን ያስታውሳል። ጸሐፊው ዐሥሩን ሲዘረዝር መጀመሪያና መጨረሻ፣ በጎና ክፉ፣ ላይና ታች፣ ምሥራቅና ምዕራብ፣ ሰሜንና ደቡብ ይላል። ጊዜን፣ ምግባርንና ስፍራን በዐሥር መስፈሪያ ሰፈረ ማለት ነው።

ፊደላቱ ላይ ሲደርስ ጽሑፉ ይዘምራል። ሦስቱን «እናቶች» ይላቸዋል፤ አሌፍ፣ ሜምና ሺን። ከንፈራችሁን ገጥማችሁ «ምም» በሉ፤ ዝም ያለ ውኃ ነው። «ሽሽ» በሉ፤ እሳት ላይ እንደ ወደቀ እርጥብ እንጨት ይሰማል። አሌፍ በሁለቱ መካከል ያለች እስትንፋስ ናት፤ ሚዛን የምትጠብቅ አየር። ከዚያ ሰባት ፊደላት ይመጣሉ። እያንዳንዳቸው ጠንካራና ለስላሳ ሁለት ድምፅ ስላላቸው «ድርቦች» ይባላሉ፤ ሕይወትና ሞት፣ ሰላምና ጦርነት፣ ሀብትና ድህነት የመሳሰሉ ተቃራኒዎችን ይሸከማሉ። የቀሩት ዐሥራ ሁለቱ ለወራትና ለከዋክብት ምድብ ተሰጥተዋል፤ እዚህ ላይ ጽሑፉ ዝርዝር ብቻ ይሆናልና እኔን ያደክመኛል።

ከሁሉ የምወደው ግን ፊደልን ድንጋይ፣ ቃልን ቤት ያደረገበትን ክፍል ነው። በ2 ድንጋይ 2 ቤት ይሠራል፤ በ3 ድንጋይ 6፣ በ4 ድንጋይ 24፣ በ5 ድንጋይ 120፣ በ6 ድንጋይ 720፣ በ7 ድንጋይ 5,040። ከዚያ በላይ አፍ ሊናገረው፣ ጆሮም ሊሰማው አይችልም ብሎ ጸሐፊው ያቆማል። ይህ አስማት አይደለም፤ በስሌቱ ፊት የተደነቀ ሰው ነው። በ22 ፊደል ብቻ ማለቂያ የሌለው ንግግር መውጣቱን እኛ ለምደነዋል፤ እርሱ አልለመደውም።

አሁን ወደ ተርጓሚዎቹ እንምጣ (ዓመቶቹ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ግብፅ ፋዩም የተወለደው ሳዓዲያ ጋኦን የሰዋስው ሊቅና ፈላስፋ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ዐረብኛ መልሷል። በ931 በዐረብኛ በጻፈው ሐተታ ሴፈር የጺራን እንደ ፍልስፍና መጽሐፍ አነበበው። በደቡብ ኢጣሊያ የነበረው ሐኪሙ ሸባታይ ዶኖሎ በዚያው መቶ ዘመን ሲያነበው የሰውን አካልና ከዋክብትን አገኘ። ፈላስፋው ፍልስፍና፣ ሐኪሙ አካል አየ። ይህ ሊያስቀን አይገባም፤ እኛም ስናነብ ራሳችንን ይዘን ነው የምንገባው።

ከዚያ ንባቡ ተለወጠ። ታልሙድ ሁለት ረቢዎች በሰንበት ዋዜማ የማበጀትን ትምህርት እያጠኑ ጥጃ ፈጥረው በሉ የሚል ወሬ ይዞ ነበር። በመካከለኛው ዘመን በጀርመን የዎርምሱ ኤልዓዛር ያልታረሰ አፈር በውኃ ለውሶ፣ ፊደላቱን በየተራቸው እየጠሩ የሰው ቅርጽ ስለ ማስነሣት ጻፈ፤ ጎለም የሚባለውን ማለት ነው። የዚህን ሰው ነገር ስታነቡ አትቸኩሉ። በ1196 የታጠቁ ሰዎች ቤቱ ገብተው ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ገድለውበታል፤ ለእነርሱ የጻፈው የልቅሶ ግጥም እስከ ዛሬ አለ። አፈር በፊደል ይነሣል ወይ ብሎ የጠየቀው እጅና ያን ልቅሶ የጻፈው እጅ አንድ ነው። እርሱ ራሱ ሁለቱን አላገናኛቸውም፤ እኔም በግድ አላገናኝም፤ ነገር ግን «ጠንቋይ» ብሎ ለመጣል አፌ አይደፍርም።

በፕሮቫንስ ደግሞ ዕውሩ ይስሐቅ የሚባለው መምህርና ከእርሱ በኋላ የመጡት የካባላ ሊቃውንት፣ መስፈሪያ የነበሩትን ዐሥሩን ሰፊሮት የእግዚአብሔር የውስጥ ባሕርይ መገለጫዎች አደረጓቸው። ያ ሥዕል የበቀለው ከዚህ ነው። ትልቅ ሐሳብ ነው፤ ከጽሑፉ የወጣ ግን አይመስለኝም፤ ወደ ጽሑፉ የገባ ነው። ከተርጓሚዎቹ ሁሉ ሳዓዲያ ይሻለኛል። ዜማውን ገድሎበታል፣ ነገር ግን ጽሑፉ ያላለውን ሲያክል ምክንያቱን ይናገራል።

መጽሐፉን ራሱን ግን በአንድ ነገር እከሰዋለሁ። «ሰላም» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ሦስት ፊደል ነው፤ ብትቀያይሩት 6 ቤት ይሠራል። ከስድስቱ ሰው ለሰው የሚለው ግን አንዱን ብቻ ነው። ያን አንዱን የመረጠው ሒሳቡ አይደለም፤ ለሌላው ሰላም የተመኘ ሰው ነው። በዘፍጥረት እግዚአብሔር ፊደል ሲቀያይር አናይም። ያዝዛል፣ ስም ያወጣል፣ ይባርካል፤ ሰውን ሲፈጥርም ያናግረዋል። ሴፈር የጺራ ዓረፍተ ነገሩን አፍርሶ ድንጋዮቹን ሲቆጥር ትእዛዙና በረከቱ ከእጁ ያመልጣሉ። ዮሐንስም ወንጌሉን ሲጀምር በዚያው በዘፍጥረት በር ነው የሚገባው፤ ነገር ግን ቃልን የግንባታ ዕቃ አላደረገውም። ቃል ብሎ የሚጠራው በአብ ዘንድ የነበረውን፣ ሥጋ ለብሶ ከሰዎች ጋር የበላውን ነው።

ይህን ስል ጣቴ ወደ አይሁድ ብቻ የተቀሰረ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን የስም ፊደል ቆጥሮ ዕጣ የሚናገረውን ኮከብ ቆጣሪ እንነቅፋለን። ዓመቱ ሲለወጥ ግን የዓመተ ምሕረቱን ቁጥር ከምዕራፍና ቁጥር ጋር አጋጥሞ «የዘንድሮ ቃላችን ይህ ነው» የሚለውን ሰባኪ እልል ብለን እንቀበላለን። ያ ጥቅስ ለማን እንደ ተነገረ፣ ተናጋሪው ምን ፈልጎ እንደ ተናገረ ማንም አይጠይቅም። ድንጋዩን ይዘን ቤቱን ትተናል። የሴፈር የጺራ ጸሐፊ ቢያንስ በ5,040 ላይ አፉን ዘግቷል፤ አእምሮ ከልኩ አልፎ ሲሮጥም ወደ ቦታው መልሱት ብሎ አንባቢውን ያስጠነቅቃል። ይህን ምክሩን ብዙዎቹ ተከታዮቹ አልሰሙትም።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ጽሑፉ ራሱ ይለወጣል። ያን ሁሉ ገጽ ቁጥርና ፊደል፣ ኮከብና የአካል ክፍል ሲዘረዝር ቆይቶ በድንገት አንድ ሰው ያስገባል። አብርሃም ተመለከተ፣ መረመረ፣ አስተዋለ። የሁሉም ጌታ ተገለጠለት፤ በእቅፉ አኖረው፣ ራሱን ሳመው፣ ወዳጄም አለው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እግዚአብሔር ለአንድ ሰው አንዲት ቃል የሚናገረው እዚህ ብቻ ነው። ስንት ፊደል እንደ ሆነች የቆጠረ የለም።