ቅጽ የሚሞላ ቪዲዮና የመንዝ ጓሳ

አገርን ወይም ሰውን በአንድ ደቂቃ የሚያስተዋውቅ አጭር ቪዲዮ እያንዳንዱ ለብቻው መሠራቱ እየቀረ ነው። ሠሪው አንድ ቅጽ ያዘጋጃል፤ በቅጹም የሥዕሉ፣ የጽሑፉና የዜማው ቦታ አስቀድሞ ተወስኖ፣ ስም፣ ዘመንና ቁጥር የሚገባበት ሥፍራ ባዶ ይተዋል። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ከሰንጠረዥ መስመር በመስመር እያነሣ ባዶውን ይሞላል፤ መቶ መስመር ያለው ሰንጠረዥም መቶ ቪዲዮ ይሆናል። ገንዘብና ባለሙያ ላነሰው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይህ ትልቅ ረዳት መሆኑን አንክድም። የምንነቅፈው፣ ቅጹ በሌላ አገር ልክ ተሰፍቶ የመጣ እንደ ሆነ ነው።

ቀላሉን እናስቀድም። በእንግሊዝኛ የልደት ግሥ ለወንድም ለሴትም ሳይለወጥ ያገለግላል። በአማርኛ ግን ተወለደ፣ ተወለደች፣ ተወለዱ ብሎ መለየት ግድ ስለ ሆነ፣ ሰንጠረዡ ይህን የሚነግር ዓምድ ከሌለው እቴጌይቱ እንደ ወንድ፣ ደጃዝማቹም እንደ ሕፃን ይጠራሉ። ዘመኑም እንዲሁ ነው። የሰገሌ ጦርነት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1916 ስለ ተደረገ፣ «ስምንት ቀንስ» የተባለ ቅጽ 1908 ብሎ ይጽፋል፤ ጦርነቱ ግን ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነበር። ከእኛ ዕንቍጣጣሽ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት የሚቀነሰው ሰባት ነውና። እንዲህ ያለው ስሕተት በአንድ ቀን ሥራ ይታረማል።

ከባዱ ሌላ ነው። የተለመደው ቅጽ ስም፣ ከፍታ፣ ስፋትና አራዊት ይጠይቃል። የመንዝ ጓሳ ሁሉንም ይሞላል፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት። ቪዲዮው ያምር ይሆናል። የሚያየው ሰው ግን ቦታው ሰው ስላልደረሰበት የተረፈ ይመስለዋል። ነገሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጓሳ የተጠበቀው ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በአስቦና በጌራ ተወላጆች የቀሮ ሥርዓት ነው። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር ለጥቂት ዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ ሳይታጨድ ተዘግቶ ይቈይና ቀን ተቈርጦለት ይከፈት ነበር። ርስት የሌለው ሰው ግን ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም፤ ይህም ሊነገር ይገባል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ በኋላም ገበሬዎቹ ኮሚቴ አቋቁመው ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጠሉ። ከዚህ ሁሉ አንዱም በቅጹ ውስጥ የሚገባበት ባዶ ሥፍራ የለውም።

(ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ አንዱን የደጋ ሥዕል መደጋገምም አለ፤ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርደው የመርሐቤቴ ሰው ቢያየው ይሥቃል።)

ስለዚህ ሰንጠረዡን የሚያዘጋጁ ሰዎች ሦስት ዓምድ እንዲጨምሩ እናሳስባለን፤ ቦታውን ማን ጠበቀው፣ መቼ ይዘጋል መቼስ ይከፈታል፣ ማን ተከልክሎበት ነበር የሚሉትን። ኮምፒዩተሩ እነዚህንም ለመሙላት አይቸገርም። ዓምዶቹን የሚሞላው ሰው ግን መሐል ሜዳ ድረስ ወጥቶ ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ይኖርበታል።