የሻካራ ድምፅ ውበት፦ ፈዝ ፔዳል፣ የበገና እንዚራና የደቡብ ኦሞ ሙቀት

ፈዝ ፔዳል ከጊታር የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከልክ በላይ አጉልቶ ጫፉን የሚቆርጥ አነስተኛ መሣሪያ ነው። ጫፉ የተቆረጠ ሞገድ ወደ አራት ማዕዘን ቅርጽ ይጠጋል፤ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይም ብዙ ተደራቢ ድምፆችን ይወልዳል። ጆሮ ይህን የሚሰማው እንደ ሻካራና ነዛሪ ድምፅ ነው።

የመሣሪያው መነሻ ብልሽት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣ አንድ የናሽቪል ዘፈን ላይ፣ በተበላሸ የስቱዲዮ መሣሪያ ያለፈው የቤዝ ጊታር ድምፅ ሻክሮ ተቀረጸ፤ አድማጩ ግን ወደደው። የጊታር አምራቹ ጊብሰን በ1962 ያንኑ ድምፅ በሦስት የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች የሚያወጣውን ማይስትሮ ፈዝ ቶን ለገበያ አቀረበ። በ1966 ደግሞ ለንደን ውስጥ ባለሁለት ትራንዚስተሩ ፈዝ ፌስ ተሠራ። ድምፁ አዲስ አበባም ደርሷል። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1974 በአምሃ ሬከርድስ ባሳተመው «ኢትዮ ጃዝ» አልበም ውስጥ ባለው «የከርሞ ሰው» ላይ የሻከረ ጊታር ከሳክስፎን ጋር እኩል ቦታ ይዞ ይሰማል።

ይህን ድምፅ ከውጭ የመጣ ጌጥ ብቻ አድርጎ ማየት ግን የአገሩን የድምፅ ታሪክ መዝለል ነው። አሥር የአንጀት ክሮች ያሉት በገና ያለ እንዚራ ሲመታ ድምፁ የተዳፈነና አጭር ነው። እንዚራ በእያንዳንዱ ክርና ክሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ መካከል የሚገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው። ክሩ ሲርገበገብ ቆዳውን በተደጋጋሚ ይነካል፤ በነካ ቁጥርም ለስላሳው እንቅስቃሴ ይቋረጣል፤ በዚህም ተደራቢ ድምፆች ይፈጠራሉ። ደርዳሪው ቆዳውን በጣቱ ጥቂት ወደፊት ወይም ወደኋላ እየገፋ ንዝረቱ እስኪሞላ ድረስ ይፈልጋል። ቦታውን ከሳተ ክሩ ወይ ይታፈናል ወይ ጨርሶ አይነዝርም። በገናና ፈዝ ፔዳል በመንገዳቸው ቢለያዩም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ንጹሑን ሞገድ ሆን ብለው ይሰብራሉ። በዐቢይ ጾም ለጸሎት የሚደረደረው መሣሪያ በዚህ መንገድ መሠራቱ ሻካራነት ለተመስጦ የተመረጠ ባሕርይ መሆኑን ያሳያል።

ደቡብ ኦሞም ከዚህ ውጭ አይደለም። በሐመር የከብት ዝላይ ሥርዓት የዘላዩ ዘመድ የሆኑ ሴቶች በእግራቸው ቃጭል አስረው የቆርቆሮ መለከት ይነፋሉ። የመለከቱ ሸካራ ጩኸትና የቃጭሉ ኳኳታ ከዘፈኑ ተለይተው የሚታዩ አይደሉም። ስለዚህ በደቡብ ኦሞዋ ከተማ በጂንካ ፈዝ ፔዳል የሚሠራ ሰው አዲስ ስሜት አያስገባም፤ በአካባቢው ያለውን ስሜት በሌላ መሣሪያ ያወጣል።

የፈዝ ፌስ አሠራር ቀላል ነው፤ ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተር፣ ሁለት መቆጣጠሪያና ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይበቁታል። ኤሲ 128ን የመሰሉ የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች በአሮጌ የባትሪ ሬዲዮኖች ውስጥ ስለነበሩ፣ በካውያ ነቅሎ ማውጣት ይቻላል። አስቸጋሪው ማስተካከሉ ነው። የሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር በቴስተር ሲለካ ወደ 4.5 ቮልት መጠጋት አለበት። ከዚያ ከራቀ ድምፁ ይታነቃል፤ ጅራቱም ይቆረጣል።

አካባቢው የሚፈትነው ይህን ነጥብ ነው። በጀርማኒየም ውስጥ ሾልኮ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ለዘብ ያለ ነው፤ ኦሞራቴ ግን ከ500 ሜትር በታች ባለው ቆላ ውስጥ ናት። በ20 ዲግሪ የተስተካከለ ፔዳል 40 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ፍሳሹ አራት እጥፍ ይሆናል፤ የተለካውም 4.5 ቮልት ቦታውን ይለቃል። መፍትሔው ወደ ሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር የሚሄደውን ቋሚ የ8.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተስተካካይ ሬዚስተር መተካት፣ ወይም ፍሳሹ እጅግ አነስተኛ የሆነውን ሲሊከን መጠቀም ነው። የሲሊከን ድምፅ ሰላ ያለ ቢሆንም በቆላ ይታመናል። ጥንታዊውን ቅጂ በክፍል በክፍል መድገምን የጥራት መለኪያ ያደረገው የሰብሳቢዎች ልማድ እዚህ ላይ ይሸነፋል፤ የለንደን አየር የሚስማማው ልኬት ለኦሞ ሸለቆ ሕግ ሊሆን አይችልም።

ፔዳሉን በጊታር ፈንታ ለክራር መጠቀምም የራሱን ማሻሻያ ይጠይቃል። በክራር ላይ የሚለጠፍ የፒዬዞ ማይክ ከፈዝ ፌስ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ወፍራሙን ድምፅ ያጣል፤ የፔዳሉ የመግቢያ ተቃውሞ ለፒዬዞ እጅግ ዝቅተኛ ነውና። ስለዚህ 1 ሜጋ ኦም ገደማ የመግቢያ ተቃውሞ ያለው ባፈር የሚባል ሰርኪዩት ከፔዳሉ ፊት መቅደም አለበት።

የቅኝቱም ጉዳይ አለ። ፈዝ ሁለት ድምፆች በአንድ ጊዜ ሲገቡበት የድምራቸውንና የልዩነታቸውን ድግግሞሽ ይጨምራል። ድምፆቹ በአምስተኛ ርቀት ከሆኑ ጭማሪው ይስማማል፤ በአንቺሆዬ ቅኝት እንዳሉት በግማሽ ቶን ከተቀራረቡ ግን ይረበሻል። ክሮቹን አብሮ መምታት በፈዝ ውስጥ የሚደበላለቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ በጣት ነጥሎ መደርደር ግን ጥርት ብሎ ይወጣል። በአብዛኛው በነጠላ የዜማ መስመር የሚሄደው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ለፈዝ የተመቸ ነው፤ በኮርድ ከሚንቀሳቀስ ሙዚቃ ይልቅ የመሣሪያውን ጉልበት ሳይደናቀፍ ይሸከማል።

ስለዚህ አንድ የተሻሻለ ፈዝ ሊመዘን የሚገባው ከ1966ቱ ቅጂ ጋር ባለው ተመሳሳይነት አይደለም። የሚመዘነው የአገሩን ሙቀት በመቋቋሙ፣ የክራሩን ድምፅ ሳያሳሳ በመቀበሉና የቅኝቱን ድምፆች ለይቶ በማሰማቱ ነው።