ተመሳሳይና ተቃራኒ ቃላት፤ በትንንሾቹ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሂስ

በናይሮቢ መሃል ከተማ፣ በሞይ አቬኑና በቶም ምቦያ ጎዳና አካባቢ፣ በመደብርም ሆነ በመንገድ ዳር ከሚሸጡት መጻሕፍት መካከል የእንግሊዝኛን ቃላት ከነተመሳሳያቸውና ከነተቃራኒያቸው የሚዘረዝሩ ትንንሽ መጻሕፍት ይገኛሉ። የዚሁ ዓይነት መጻሕፍት ከአዲስ አበባም ገበያ ስለማይጠፉ፣ ጥቅማቸውንና ጉድለታቸውን መመርመር ለመምህራን ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ ስለ ጥቅማቸው እንናገር። ለተማሪው የረሳውን ቃል ፈጥነው ያስታውሱታል፤ ለፈተናም ያዘጋጁታል። በኬንያ ከ1985 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ይሰጥ በነበረው የ8ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ ለተሰመረበት ቃል ተመሳሳዩን መምረጥ ከተለመዱት የእንግሊዝኛ ጥያቄዎች አንዱ ነበር።

ጉድለታቸው የሚጀምረው ከአቀራረባቸው ነው። አብዛኞቹ በግራ ቃሉን፣ በቀኝ አቻውን አስቀምጠው ያልፋሉ፤ ዐረፍተ ነገር አይሰጡም። ‹ቢግ› እና ‹ላርጅ› አንድ ናቸው ብሎ ያጠና ተማሪ ‹ማይ ቢግ ብራዘር› በማለት ፈንታ ‹ማይ ላርጅ ብራዘር› ብሎ ቢጽፍ፣ ታላቅ ወንድሙን ግዙፍ አደረገው ማለት ነው። በአማርኛችንም ነገሩ ያው ነው። «ሞተ» እና «አረፈ» ለሰው ሲነገሩ ይቀራረባሉ፤ «በሬው አረፈ» ብንል ግን ከቀንበር ተፈትቶ ዕረፍት አገኘ እንጂ ሞተ ማለታችን አይደለም።

በተቃራኒዎቹ በኩል ስሕተቱ ይብሳል። ‹ኦልድ› ለሚለው ቃል አንድ ተቃራኒ ብቻ መስጠት አይበቃም፤ ለሰው ሲሆን ‹ያንግ›፣ ለዕቃ ሲሆን ‹ኒው› ነውና። ‹ላይት›ም እንዲሁ ለክብደት ‹ሄቪ›፣ ለቀለም ‹ዳርክ› ይቃረነዋል። ከዚህም በላይ ተቃራኒነት ራሱ ዓይነቱ ልዩ ልዩ ነው። በ‹ሆት› እና በ‹ኮልድ› መካከል ለብ ያለ ነገር አለ፤ በ‹አላይቭ› እና በ‹ዴድ› መካከል ግን ምንም የለም። ‹ሌንድ› እና ‹ቦሮው› ደግሞ አንዱን ድርጊት ከሁለት ወገን የሚያሳዩ ናቸው። እዚህ ላይ ተማሪያችን በቋንቋው የሚረዳው ነገር አለ፤ «አበደረ» እና «ተበደረ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸውና። የናይሮቢውም ተማሪ በስዋሂሊ መበደርን ‹ኩኮፓ›፣ ማበደርን ‹ኩኮፔሻ› ይላል። መምህሩ ከዚህ ተነሥቶ ቢያስተምር ሁለቱን ቃላት የሚያምታታ ተማሪ ይቀንሳል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ፒተር ማርክ ሮጄ በ1852 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ቃላትን በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ ከፋፍሎ ያቀረበ ነበር። ፍቺ አይሰጥም፤ የተዘጋጀው ቋንቋውን ዐውቆ ለሐሳቡ የሚስማማውን ቃል ለሚፈልግ ሰው ነውና። የእኛ ትንንሽ መጻሕፍት ግን ዝርዝሩን ብቻ ቋንቋውን ገና ለሚማር ልጅ ያቀርቡለታል። መራጩን የረዳው ለጀማሪው ወጥመድ ይሆንበታል።

ጉዳቱ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚቀር አይደለም። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የቃላት ዝርዝሮች ‹ስፒድ› እና ‹ቬሎሲቲ›ን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ በፊዚክስ ግን ሁለተኛው ከፍጥነቱ ጋር አቅጣጫንም ይይዛል። ‹ማስ› እና ‹ዌይት›ም እንደዚሁ ናቸው፤ አንድ ዕቃ ወደ ጨረቃ ቢወሰድ የመጀመሪያው አይለወጥም፣ ሁለተኛው ግን ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይቀንሳል። እነዚህን አንድ አድርጎ ያጠና ተማሪ ፊዚክሱን ቢረዳም እንኳ ጥያቄውን ይስታል።

ስለዚህ መጻሕፍቱ ይጣሉ አንልም። አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ ቃል ቢያንስ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምሩ። መምህራንም ተማሪዎቻቸው ቃሉን፣ የሚገባበትን ዐረፍተ ነገርና በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚቃረነውን በደብተራቸው እንዲጽፉ ያድርጉ። በቀን አምስት ቃል በዚህ መንገድ የሚያጠና ተማሪ፣ ሃምሳ ቃል በጥንድ ከሚሸመድደው ይልቅ የተማረውን በሥራ ላይ ያውላል።