ስለ ደረጃና ስለ ኀይል
በጠረጴዛ ዙሪያ ገጸ ባሕርይ ወክለው በሚጫወቱት በ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ደረጃው ከፍ ያለ ሁሉ ኀይሉ ይጨምራል፤ ጥያቄው ምን ያህል ይጨምር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. በወጣው ሦስተኛ እትም ተዋጊው በባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ የሚደምረው የማጥቂያ ቍጥር ከ1 ተነሥቶ በ20ኛው ደረጃ 20 ይደርሳል። ጭማሪው ዳይሱን ከተካከለ ለዕድል የሚቀረው ቦታ ጥቂት ነው፤ ደካማ ጠላትም ከንቱ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው አምስተኛ እትም ግን ከደረጃ የሚገኘውን ጭማሪ ከ2 እስከ 6 ወሰነው፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጉድለቱ ወደ አስማት ዞረ እንጂ አልጠፋም፤ ይኸውም ተዋጊው በ20ኛው ደረጃ በአንድ ተራ አራት ጊዜ ሲመታ፣ አስማተኛው ከ17ኛው ጀምሮ ምኞቱን በቃል ለመፈጸም ይችላል። ስለዚህ ቍጥርን መገደብ ብቻውን አይበቃም፤ ደረጃ ለሁሉም ተመጣጣኝ ድርሻ ካልሰጠ፣ አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው ተመልካች ሆኖ ይቀራል።