ወጣላቸው!

«ነዳጅ ወጣላቸው» የምትለው አነጋገራችን ዘወትር ትከነክነኛለች። ኖርዌይ በምን ከበረች ብላችሁ ጠይቁ፤ ቡና እየጠጣ ወሬ የሚሰልቀውም፣ ዲግሪ የደረደረውም መልሱ አንድ ነው፦ «ነዳጅ ወጣላቸዋ!» ሎተሪም የሚወጣልን በዚችው ቃል ነው። ዕጣም እንደዚያው። ባለ ዕድሉ ትኬቱን ትራስጌው አድርጎ ይተኛል፣ ሲነጋ ሚሊየነር ሆኖ ይነሣል። አለቀ። ሥራ የለ፣ ወጪ የለ፣ ጠያቂ የለ። ሰነፍ ቃል ናት የምላት ለዚህ ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ1958 የኖርዌይ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አንድ ደብዳቤ ጻፈ። በጠረፋችን ባሕር ሥር ከሰል፣ ነዳጅ ወይም ድኝ ይገኛል ብሎ ማሰብ አያስፈልግም የሚል ነበር። በዓመቱ ኔዘርላንድስ ውስጥ ግሮኒንገን ላይ ትልቅ የጋዝ ክምችት ተገኘና የሁሉም ዓይን ወደ ሰሜን ባሕር ዞረ። ኖርዌይ አንዲት ጠብታ ነዳጅ ሳታይ በ1963 የባሕሩ ወለል የመንግሥት መሆኑን አወጀች። ልብ በሉ፤ ሕጉ ከነዳጁ ቀደመ። በ1965 የፍለጋ ፈቃድ ሰጠች፤ በ1966 ቁፋሮ ተጀመረ። ከሠላሳ በላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ለገበያ የሚበቃ ነገር ጠፋ። ፊሊፕስ ፔትሮሊየም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ትቶ ሊሄድ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ነው፣ በ1969 መጨረሻ ላይ ኤኮፊስክን ያገኘው።

ታዲያ ያን ጊዜ «ወጣላቸው» እንበል? ገና ነው! ኤኮፊስክ ያለበት ባሕር ጥልቀቱ ሰባ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ሥራ ሰዎች ይኼ ጥልቅ የሚባል አይደለም፤ የብረት እግር አበጅቶ መድረኩን ወለሉ ላይ ማቆም ይቻላል። ነዳጁ ግን ከወለሉ በታች ሦስት ኪሎ ሜትር ግድም ወርዶ፣ ጠመኔ ድንጋይ ውስጥ ተወሽቋል። በ1971 ምርት ሲጀመር የሚቀዳው በመርከብ ነበር፤ ማዕበል ሲነሣ መርከቡ ይሸሻል፣ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ በ1973 አንድ ሚሊዮን በርሜል የሚይዝ የኮንክሪት ጋን ባሕሩ መሐል ተተከለ። ቧንቧ ወደ አገር ቤት እንዳይዘረጋ በመካከል ጥልቅ የባሕር ሸለቆ አለ። እናም ድፍድፉ በ1975 ወደ እንግሊዝ፣ ጋዙ በ1977 ወደ ጀርመን በቧንቧ ሄደ። «ወጣላቸው» የተባለው ነዳጅ በደጃቸው እንኳ አላለፈም!

ከኛ መካከል አዋቂ ነኝ የሚለው ደግሞ ሌላ ተረት አለው። «ዕድል አይደለም ወንድሜ፣ አስተዳደር ነው!» ይላል። እውነት አለው። በ1971 ፓርላማቸው አሥር ትእዛዛት የሚባሉትን መርሆዎች ተቀበለ፤ ጋዙ በከንቱ እንዳይቃጠል የሚከለክለው አንዱ ነው። ሥርዓቱን ካነፁት ባለሙያዎች አንዱ ፋሩቅ አል ቃሲም የተባሉ የኢራቅ ተወላጅ ጂኦሎጂስት መሆናቸውም፣ ባዕድ አዋቂን ለሚገፋ ሁሉ ትምህርት ነው። የቁጠባው ፈንድ በ1990 በሕግ ቆመ፣ የመጀመሪያው ገንዘብ በ1996 ገባ፣ በ2017 ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር አለፈ።

ይኼኛው ተረት ከመጀመሪያው ይሻላል። ቢሆንም የገቢውን መዝገብ ገልጦ የወጪውን ይከድናል። በ1977 ብራቮ የተባለው መድረክ ላይ ጉድጓዱ አፈትልኮ ስምንት ቀን ሙሉ ድፍድፍ ወደ ባሕሩ ተፋ። መጋቢት 27 ቀን 1980 እዚያው አካባቢ የሠራተኞች ማደሪያ የነበረው አሌክሳንደር ኪላንድ በማዕበል ተገለበጠ። ከ212 ሰው 123ቱ አለቁ። መነሻው ምን ይመስላችኋል? አንዲት መሣሪያ ለመግጠም የተበየደች፣ ብየዳዋ ያልረባ ቁራጭ ብረት! ከሷ የጀመረ ስንጥቅ አድጎ ማገሩን ሰበረ፣ ማገሩ እግሩን አስገነጠለ። ቧንቧውን ባሕር ሥር ሲጠግኑ ጤናቸውን ያጡ ጠላቂዎችም ነበሩ። ከባሕር ሲወጡ ሰውነታቸው ላይ ስለሚደርሰው አደጋ በቂ መረጃ እንዲያገኙ አላደረገችም ተብላ፣ ኖርዌይ በአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት የተረታችው በ2013 ነው። ያውም ብዙዎቹ ከሠሩ ከአሠርት ዓመታት በኋላ።

መሬቱም ሒሳቡን ጠየቀ። ነዳጁ ሲቀዳ ግፊቱ ቀነሰ፣ ጠመኔው ተጨመቀ፣ የባሕሩ ወለል ሰመጠ። ይኼ የታወቀው በ1984 ነው። በ1987 የመድረኮቹን እግር ቆርጠው፣ በክሪክ አንሥተው፣ ስድስት ሜትር ቀጠሉበት።

ይኼን ሁሉ የምዘረዝረው ኖርዌይን ለማሳጣት አይደለም። ስህተቷን የመረመረች፣ ካሣ የከፈለች፣ ሕጓን ያጠበቀች አገር ናት። ነገሬ ከኛ ጋር ነው። ካሉብ ላይ ጋዝ መኖሩ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። በ2018 ከኦጋዴን ድፍድፍ በሙከራ መመረት ጀመረ ሲባል «ወጣልን!» ብለን ጨፈርን። በየጨዋታው የሰማሁት ጥያቄ «ስንት በርሜል?» የሚል ብቻ ነበር። ብየዳውን ማን ይፈትሻል? የአርብቶ አደሩ የውኃ ጉድጓድ ቢበከል ማን ይጠየቃል? ገንዘቡ የት ይቀመጣል፣ ቁልፉስ በማን እጅ ነው? እነዚህን የሚያነሣ ሰው ጨለምተኛ ይባላል። ላም አለኝ በሰማይ እያልን ስንዘፍን፣ በረቱን የሚያጥር ጠፋ።

ጎበዝ፣ ቋንቋችን ሀብታም ነው። ከዚያው ከ«ወጣ» ሥር «ወጪ» አለ፤ «ነፍስ ወጣ» የሚባል ነገርም አለ። ስለዚህ ነዳጅ ወጣ ሲሏችሁ እልል ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ማን አወጣው? ስንት ወጣበት? የማንስ ነፍስ ወጣበት?